ስሕተት መልስ መስሎ ሲመጣ
በኮምፒዩተር ቋንቋዎች ውስጥ ስላለው የስሕተት አያያዝ የቀረበ አጭር ጥናት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምሳሌ የተነገረው ስለ ሰው ቢሆንም፣ ስለ ኮምፒዩተርም ጭምር እውነት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የተወደዳችሁ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ያላሰበው ነገር ሲገጥመው ምን ማድረግ እንደሚገባው፣ የፕሮግራም ቋንቋ የሚያወጡ ሊቃውንትም ለዚህ ምን ዘዴ እንዳዘጋጁ፣ የተማርሁትንና የሞከርሁትን በአጭሩ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ። ጉዳዩን እንዳጠና ያነሣሣኝ መጽሐፍ ሳይሆን በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ስለ ሆነ ከዚያ እጀምራለሁ።

የአንዲት ቀን ታሪክ

እኔ የተወለድሁት ጳጉሜን 3 ቀን 1999 ዓ. ም. መርሳ ላይ ነው። እናቴ ቀኑን አትስተውም፤ አገሩ ሁሉ የሚሌኒየሙን በዓል ለመቀበል ሲሰናዳ፣ እንቍጣጣሽ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ስለ ነበረ ነው። በዚህ ዓመት ለፈተና ምዝገባ ማስረጃ ባስፈለገኝ ጊዜ ግን፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ታትሞ የተሰጠኝ ወረቀት የልደት ቀኔን «3/1/2000» ይላል። ይህም መስከረም 3 ቀን 2000 ዓ. ም. መሆኑ ነው። በሌላው ማስረጃዬ ላይ ጳጉሜን 3 ቀን 1999 ተብሎ ስለ ተጻፈ ሁለቱ ወረቀቶች አልስማማ አሉ። በእውነቱ ልዩነቱ የስድስት ቀን ብቻ ነው፤ በወረቀት ሲታይ ግን ወሩም ዓመቱም ሌላ ሆነና የሌላ ሰው ማስረጃ መሰለ።

ለምዝገባው የቀረው ጊዜ አንድ ሳምንት ነበር። እናቴ ለገበያ ያዘጋጀችውን ሽንኩርት ለጎረቤት አደራ እየሰጠች ከመርሳ ወልድያ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። ጸሐፊው ደግ ወጣት ነበር፤ ነገር ግን መዝገቡን ከፍቶ ካየ በኋላ «እትዬ፣ ኮምፒዩተሩ የሚለው ይህንኑ ነው» አላት። እናቴም «ወንድሜ፣ የወለድሁት እኔ ነኝ ወይስ ኮምፒዩተሩ?» ብላ መለሰችለት። በመጨረሻ ምስክር ቀርቦ ቀኑ ታረመልኝ፤ ጊዜው ሳያልፍም ተመዘገብሁ።

እኔን ያስደነቀኝ መሳሳቱ አይደለም፤ ሰውም ይሳሳታል። ያስደነቀኝ ኮምፒዩተሩ በተሳሳተ ጊዜ ዝም ማለቱ ነው። መጀመሪያ ቀኑ ሲጻፍ «13ኛ ወር የሚባል አላውቅም» ብሎ ቢናገር ኖሮ፣ የሚጽፈው ሰው በዚያው ደቂቃ ባረመው ነበር። እርሱ ግን ያልገባውን ነገር በሌላ ቀን ተክቶ፣ ትክክለኛ መልስ አስመስሎ መዘገበው።

በሁለት ቋንቋዎች የተደረገ ሙከራ

ነገሩን ለኮምፒዩተር መምህራችን ባጫወትኋቸው ጊዜ «ራስህ ሞክረህ ድረስበት» አሉኝ። እንደሚታወቀው የእኛ ዘመን አቆጣጠር እያንዳንዳቸው 30 ቀን ያላቸው 12 ወሮችና ጳጉሜን አሉት። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ 6 ትሆናለች። በ1999፣ በ2003፣ በ2007፣ በ2011 እና በ2015 ዓ. ም. 6 ቀን ነበረች። አብዛኛዎቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች ግን የተሠሩት 12 ወር ብቻ ባለው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ጃቫስክሪፕት ለተባለው ቋንቋ ዓመት 1999፣ ወር 13ኛ፣ ቀን 3 ብዬ ሰጠሁት። (ይህ ቋንቋ ወርን ከዜሮ ጀምሮ ስለሚቆጥር 13ኛው ወር 12 ተብሎ ይጻፍለታል።) ቋንቋው ሳያመነታ ትርፏን ወር ወደሚቀጥለው ዓመት አሻገረና ጃንዋሪ 3 ቀን 2000 ብሎ መለሰልኝ። ይህም በቁጥር ሲጻፍ 3/1/2000 ነው፤ ልክ እንደ ወረቀቴ! ቀጥዬ ጥቅምት 30 ቀን 2000ን በቁጥር 30/2/2000 አድርጌ ሞከርሁ። በእነርሱ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ በዚያ ዓመትም 29 ቀን ብቻ ነበረው። ስለዚህ ማርች 1 አለኝ። ያ በእኛ ዓይን ሲነበብ ኅዳር 1 ይሆናል። ጥቅምት 30 የተወለዳችሁ ጓደኞቼ ወረቀታችሁን ደግማችሁ ተመልከቱ።

ከዚያም ያንኑ 13ኛ ወር ፓይተን ለተባለው ቋንቋ ሰጠሁት። ፓይተን ቀን አልፈጠረልኝም፤ ወር ከ1 እስከ 12 ባለው ውስጥ መሆን አለበት የሚል ማስታወቂያ አውጥቶ ሥራውን አቆመ።

እንግዲህ ሁለቱም ቋንቋዎች ጳጉሜንን አያውቋትም፤ ባለማወቅ እኩል ናቸው። ልዩነታቸው አለማወቃቸውን በገለጹበት መንገድ ነው። በፍርድ ለመናገር ያህል፣ የጃቫስክሪፕትም ጠባይ ያለ ምክንያት የተሰጠ አይደለም። አንድ ነጋዴ «ከዛሬ 40 ቀን በኋላ ምን ቀን ይውላል?» ብሎ ሊያሰላ ቢፈልግ፣ 40ውን በቀኑ ላይ ደምሮ ቢሰጠው ቋንቋው ራሱ ወሩን አሻግሮ ይቆጥርለታል። ለሒሳብ የሚመቸው ይህ ቸርነት ግን ለምዝገባ ሲሆን ጉዳት አመጣ።

ኤክሴፕሽን ማለት ምን ማለት ነው?

ፓይተን ያደረገው ነገር በኮምፒዩተር ትምህርት ኤክሴፕሽን መወርወር ይባላል። ኤክሴፕሽን ማለት ከተለመደው የሥራ መንገድ ውጭ የሆነ ሁኔታ ነው፤ ለምሳሌ በዜሮ ማካፈል፣ የሌለ ፋይል መክፈት፣ በሥራ መካከል የመረብ መቋረጥ፣ የማይሆን ቀን መቀበል የመሰለው ሁሉ ነው።

አንድ ፕሮግራም የሚሠራው በብዙ ትንንሽ ክፍሎች ነው። ላይኛው ክፍል ታችኛውን ይጠራል፤ ታችኛውም ከእርሱ በታች ያለውን ይጠራል። ታች ያለው ክፍል ችግር ሲያገኝ ራሱ የሚፈታው ካልሆነ ጉዳዩን ለጠራው ይወረውራል፤ የጠራውም ካልቻለ ወደ ላይ ያሳልፈዋል። ይህ ነገር ወልድያ የየጁ አውራጃ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ከነበረው የአቤቱታ ሥርዓት ጋር ይመሳሰላል። ባለጉዳይ ከአጥቢያ ዳኛ ተነሥቶ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከዚያም እያለ እስከ ዙፋን ችሎት ይደርስ ነበር። ጉዳዩ የሚቆመው ሥልጣንና ዕውቀት ካለው ዳኛ ዘንድ ሲደርስ ነው። በፕሮግራምም ውስጥ የተወረወረውን ስሕተት «እኔ እይዘዋለሁ» የሚል ክፍል ያስፈልጋል። ማንም ካልያዘው ግን ፕሮግራሙ በሙሉ ይቆማል።

በአማርኛ የሚጻፍ የፕሮግራም ቋንቋ ቢኖር የእኔ ጉዳይ እንደሚከተለው በተጻፈ ነበር።

ሞክር፦ የልደት ቀኑን መዝግብ።
ስሕተት ቢወረወር ያዝ፦ «ይህ ቀን በየትኛው የዘመን አቆጣጠር ነው?» ብለህ ጸሐፊውን ጠይቅ።
በመጨረሻ፦ ስሕተት ኖረም አልኖረም መዝገቡን ዝጋ።

ይህ አሳብ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ በ1960ዎቹ እ. ኤ. አ. ፒ ኤል ዋን በሚባለው ቋንቋው ውስጥ «ይህ ሁኔታ ቢደርስ ይህን አድርግ» የሚል ትእዛዝ አስገባ። በ1975 እ. ኤ. አ. ጆን ጉድኢናፍ የተባሉ ሊቅ ጉዳዩን በሥርዓት መርምረው ጽፈዋል። በዚያው ዘመን ባርባራ ሊስኮቭ የተባሉት ፕሮፌሰር በአሜሪካ ኤም አይ ቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ክሉ በተባለው ቋንቋ አሳቡን በሥራ አዋሉት። ከዚያ በኋላ አዳ፣ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ጃቫና ሌሎችም በየራሳቸው መንገድ ወረሱት።

ቋንቋ የሚያወጣ ሰው የሚመልሳቸው አራት ጥያቄዎች

1ኛ፤ ስሕተት ይመለስ ወይስ ይወርወር? በአሮጌው የሲ ቋንቋ አንድ ክፍል ሳይሆንለት ሲቀር ብዙ ጊዜ እንደ «-1» ያለ ቁጥር ይመልሳል። ችግሩ -1ም ቁጥር ስለ ሆነ ተቀባዩ ሳያስተውል እንደ እውነተኛ መልስ ሊደምረው፣ ሊያባዛው ይችላል። መወርወር ግን ሥራውን ስለሚያስቆም በቸልታ አይታለፍም። በ2009 እ. ኤ. አ. ከጉግል የወጣው ጎ የተባለው ቋንቋ ወደ መመለስ ቢያደላም፣ ስሕተቱን ከመልሱ ለይቶ በሁለተኛ ቦታ ያስቀምጠዋል። ረስት የተባለው ቋንቋ ደግሞ መልሱንና ስሕተቱን በአንድ የታሸገ ዕቃ ውስጥ ስለሚሰጥ፣ ተቀባዩ እሽጉን ፈትቶ የትኛው እንደ ደረሰው ሳያይ መልሱን ሊጠቀምበት አይችልም። መንገዱ ልዩ ልዩ ቢሆንም ዓላማው አንድ ነው፤ ስሕተትና መልስ በመልክ እንዳይመሳሰሉ ማድረግ ነው።

2ኛ፤ ስሕተቱ ከተያዘ በኋላ ወዴት ይኬዳል? አንዳንዶቹ ቋንቋዎች ችግሩን አስተካክሎ ወደ ተቋረጠበት ቦታ መመለስን ይፈቅዱ ነበር። ሲ ፕላስ ፕላስን ያወጡት ብያርን ስትሮውስትሩፕ ግን ይህን ከሞከሩ ሰዎች ልምድ ጠይቀው፣ ወደ ኋላ መመለስ እምብዛም እንደማይጠቅም ተረዱ። ስለዚህ የተቋረጠው ክፍል በዚያው እንዲያበቃ፣ ሥራውም ስሕተቱን ከያዘው ክፍል እንዲቀጥል ወሰኑ። ዛሬ አብዛኛዎቹ ቋንቋዎች የሚሄዱት በዚህ መንገድ ነው።

3ኛ፤ ስሕተቱ አስቀድሞ ይታወጅ ወይ? በ1995 እ. ኤ. አ. የወጣው ጃቫ፣ አንድ ክፍል ሊወረውራቸው ከሚችላቸው ስሕተቶች ብዙዎቹን በግልጽ እንዲያስታውቅ፣ የሚጠራውም ወይ እንዲይዝ ወይ እንዲያሳልፍ ያስገድዳል። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ግዳጁ የሰለቻቸው ፕሮግራም ጸሐፊዎች ስሕተቱን ይዘው ምንም የማይሠራ ባዶ ቦታ ይጽፉለታል። ይህም ደብዳቤ ተቀብሎ ሳያነቡ ወደ መሳቢያ እንደ መክተት ነው። የሲ ሻርፕ ቋንቋ ሠሪዎች ይህን አይተው ግዳጁን ተዉት። ከዚህ የምንማረው ቋንቋ ሰውን እንዲጠነቀቅ ሊያግዘው ቢችልም ትጋትን ሊሰጠው የማይችል መሆኑን ነው።

4ኛ፤ የተጀመረውን ማን ያጸዳል? ይህን በወፍጮ ቤት ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። እህል እየተፈጨ ሳለ መብራት ቢሄድ፣ አዋቂ ወፍጮ አስፈጪ መጀመሪያ የሚያደርገው ማብሪያውን ማጥፋት ነው። አለዚያ መብራቱ በድንገት ሲመለስ ወፍጮው ሰው ሳይዘጋጅ ይነሣና አደጋ ያመጣል። እህሉ ተፈጭቶ ሲያልቅም ያንኑ ማብሪያ ያጠፋል። ስለዚህ ሥራው ቢሳካም ባይሳካም ማብሪያው ይጠፋል። በምሳሌዬ ውስጥ «በመጨረሻ» ያልሁት ቃል ተግባሩ ይህ ነው፤ ፋይል ይዘጋል፣ የተያዘው ይለቀቃል፣ በግማሽ የቀረ የገንዘብ ዝውውርም እንዳልተጀመረ ሆኖ ይሰረዛል።

ስለ አርያን 5 ሮኬት

ስሕተትን የሚወረውር ቋንቋ ብቻውን ይበቃል ወይ? እንደማይበቃ የሚያስረዳ ታላቅ ምሳሌ አለ። ግንቦት 27 ቀን 1988 ዓ. ም. (ጁን 4 ቀን 1996 እ. ኤ. አ.) አውሮፓውያን አርያን 5 የተባለውን አዲስ ሮኬት በደቡብ አሜሪካ ከምትገኘው ከፈረንሳይ ጊያና ለመጀመሪያ ጊዜ አስነሡ። ሮኬቱ 40 ሴኮንድ ያህል እንደ ቆየ ከመንገዱ ወጥቶ በአየር ላይ ተበታተነ።

መርማሪዎች ምክንያቱን ደረሱበት። የሮኬቱን አቅጣጫ የሚለካው መሣሪያ ፕሮግራም የተጻፈው በአዳ ቋንቋ ነው፤ አዳ ደግሞ ኤክሴፕሽን የመወርወር ችሎታ ያለው ቋንቋ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ በ64 ቢት የተጻፈን ቁጥር ወደ 16 ቢት የሚለውጥ ሥራ ነበር። በ16 ቢት ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 32,767 ነው። ፕሮግራሙ የተወረሰው ከቀድሞው ከአርያን 4 ነበር፤ የአርያን 4 መንገድ ያን ያህል ትልቅ ቁጥር አያመጣም። አርያን 5 ግን ወደ ጎን የነበረው ፍጥነት ስለ በለጠ ቁጥሩ ከልኩ አለፈና ኤክሴፕሽን ተወረወረ። ለዚያ ቁጥር የተዘጋጀ የሚይዝ ክፍል አልነበረም።

ይህ ብቻ አይደለም። የሥርዓቱ ሠሪዎች «ኤክሴፕሽን ቢነሣ የመሣሪያ ብልሽት ነው፤ መሣሪያው ይቁምና ተጠባባቂው ይተካው» ብለው አስበው ነበር። ተጠባባቂው ግን የያዘው ያንኑ ፕሮግራም ስለ ነበረ ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ቀደም ብሎ በዚያው ስሕተት ቆሞ ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነው የሚከተለው ነው። ዋናው መሣሪያ ሲቆም «ተበላሽቻለሁ» የሚል የምርመራ ምልክት ላከ፤ ሮኬቱን የሚመራው ኮምፒዩተር ግን ያን ምልክት እንደ እውነተኛ የበረራ ቁጥር አንብቦ የሞተሮቹን አፍ በኃይል አዞረ። ከዚህም ሌላ ያ ስሌት ሮኬቱ መሬት ከለቀቀ በኋላ ለአርያን 5 ምንም አያስፈልግም ነበር።

ሮኬቱና የእኔ ወረቀት በዋጋ አይነጻጸሩም፤ የጥፋታቸው ጠባይ ግን አንድ ነው። በሁለቱም ስሕተት መልስ መስሎ አለፈ። የታወቁት እንግሊዛዊ ሊቅ ቶኒ ሆር በ1980 እ. ኤ. አ. የቱሪንግን ሽልማት ሲቀበሉ ባሰሙት ንግግር፣ የአዳን ቋንቋ ውስብስብነት ነቅፈው ኤክሴፕሽንን አደገኛ ከሆኑት ነገሮች ቆጥረውት ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ አደጋው በመወርወሩ ላይ ሳይሆን፣ የተወረወረውን ማን እንደሚይዝና ምን እንደሚያደርግበት ሳያስቡ መወርወር ላይ ነው።

ወደ ጳጉሜን ስንመለስ

በመጀመሪያ ፓይተንን አመሰገንሁት፤ ቆይቼ ሳስበው ግን የፓይተን እንቢታም ብቻውን እናቴን ከመመላለስ አያድናትም ነበር። ጸሐፊው ፊት «ወር ከ1 እስከ 12 ብቻ» የሚል ጽሑፍ ቢወጣና ሌላ መውጫ ባይሰጠው፣ ወረፋው ረዝሞ ሰው እየጮኸበት ምን ያደርጋል? መስከረም 3 ብሎ ይጽፍና ያልፋል። ያን ጊዜ ስሕተቱን መልስ አድርጎ የሚያሳልፈው ኮምፒዩተሩ መሆኑ ይቀርና ሰው ይሆናል።

ስለዚህ ጥሩ ፕሮግራም ሦስት ነገር ያደርጋል። ያልገባውን ነገር አይቀበልም፤ ያልተቀበለበትን ምክንያት ሊያርመው ለሚችል ሰው በሚገባው ቃል ይነግረዋል፤ ሰውየውም እውነቱን የሚጽፍበት መንገድ ያዘጋጅለታል። ለእኔ ጉዳይ መንገዱ ቀላል ነበር። አቆጣጠሩን ጠይቆ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 1999 ዓ. ም. ማለት ሴፕቴምበር 8 ቀን 2007 እ. ኤ. አ. መሆኑን አስልቶ ሁለቱንም መመዝገብ ነው። ይህን የመሰለ አስሊ እኔና ሁለት ጓደኞቼ በፓይተን ሠርተን ለመምህራችን አሳይተናል። ጳጉሜን 6ን ከዘመነ ሉቃስ በቀር በሌላ ዓመት ብትሰጡት «በዚህ ዓመት ጳጉሜን 5 ቀን ናት» ብሎ ይመልስላችኋል እንጂ ወደ መስከረም አያሻግራችሁም።

የተወደዳችሁ ጓደኞቼ ሆይ፣ ከመካከላችን ነገ ለባንክ፣ ለሆስፒታል፣ ለትምህርት ቤት ፕሮግራም የሚጽፉ ይኖራሉ። ቋንቋዎቹን ያወጡት ሰዎች ጳጉሜንን አያውቁም፤ ጥቅምት 30ንም አያውቁም። እኛ ግን እናውቃለን። ስለዚህ የምንጽፈው ፕሮግራም ሳያውቅ ሲቀር «አላወቅሁም» እንዲል እናስተምረው፤ የሚሰማው ሰውም እናዘጋጅለት። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ስሕተት በተነሣበት ደቂቃ በአንድ ጥያቄ ይታረማል። መልስ መስሎ ካለፈ ግን አንዲት እናት ሽንኩርቷን ትታ ከመርሳ ወልድያ ሦስት ጊዜ እንድትመላለስ ያደርጋል።